የግንብ ተራ ኩርፊያ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሳምንቱ ደንብ ይወጣል። ድሬዳዋ ይህን ሰዓት ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጭንቅላቱን የላጨውን ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ስልኩን ያነሳል፤ ደንበኛውም የራሱን ያነሳል። ነጂ የሌላቸው ባጃጆች ሳይቀሩ ተሳፋሪው አንብቦ እስኪጨርስ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ደንቡ የእግር ኳስ ደንብ ነው፤ የሚያወጣው ደግሞ አሻሻይ ነው። አሻሻይ ሰው አይደለም። እሁድ እሁድ በየስታዲየሙ ወንበር ላይ ማን መቼ ብድግ እንዳለ፣ ማን መቼ እንደጮኸ ይቆጥርና ሰው የወደደውን ይጨምራል፣ ያልወደደውን ይቀንሳል። ሌላ ሥራ የለውም።

በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ተከላካይ ኳስ ከመንጠቁ በፊት እስከ ሦስት እንዲቆጠርበት ተደነገገ። በሰማንያ አንድ የጎሉ ቋሚዎች በሁለት እርምጃ ተራራቁ። በሰማንያ ሦስት በረኛ በአንድ እጁ ብቻ እንዲጫወት ሆነ፤ የትኛውን እጅ እንደሚጠቀም ግን ምርጫው ተከበረለት። በሰማንያ ስድስት ደግሞ ተከላካይ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት እጁን አንስቶ፣ አጥቂውን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «ይቅርታ» እንዲል ታዘዘ። አሁን በሰማንያ ዘጠኝ አርባ ለሠላሳ ስምንት ያላለቀ ጨዋታ ደረቅ ጨዋታ ይባላል።

ዘርጋው በላቸው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልተቀበለም። ዘርጋው የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ማቀዝቀዣና ማራገቢያ ይጠግናል፣ ድሬ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ሥራ አይፈታም። የሐዲድ ክለብ ደጋፊ የሆነው ገና በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሜዳ ሲገባ ነው። ጎል ማግባትማ ማንም ያገባል ባይ ነው። ሰው የሚለካው ሌላው እንዳያገባ ሲያደርግ ነው፤ ይህን ሲናገር ጣቱን ስለሚያወናጭፍ አጠገቡ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ሻዩን አርቆ ይይዛል።

እንደ እሱ የሚያስቡ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። የሚቀመጡት ከደቡቡ ጎል ጀርባ ነው፤ ቦታውም ግንብ ተራ ይባላል። ያ የሦስት ቆጠራ ደንብ የወጣ ሰሞን እነዚህ ሰዎች ተሰበሰቡና አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ድንጋይ መወርወር ነውር ነው፤ መቅረትም ክለብን መክዳት ነው። ስለዚህ አኮረፉ።

ኩርፊያው የቀልድ አልነበረም። ግንብ ተራ እሁድ እሁድ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ትንፍሽ አይልም። ሐዲድ ቢያገባ ዝም፣ ቢገባበት ዝም፣ ተከላካዩ ጉድ ቢሠራም ዝም። ሜዳው ላይ ባለው ትልቅ የደስታ ሰሌዳ በየተራው ስንት ሰው እንደተነሳ የሚያሳየው ቁጥር ሲሮጥ የግንብ ተራ ግን ዜሮ ነው። በዚያች ዜሮ የሚኮሩትን ኩራት! እንግዳ ሲመጣ በጣታቸው ያሳዩታል። ኩርፊያ ደግሞ ወግ አለው፤ ያኮረፈ ሰው ይለመናል፣ ሽማግሌ ይላክበታል። ስለዚህ ከፊት አራት ወንበር ለሚላኩት ሽማግሌዎች ባዶውን ይተዋል። ወንበሮቹን እየወለወለ የሚጠብቃቸው ልብስ ሰፊው ጂብሪል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ወለወላቸው።

ዘርጋው ላይ የባሰው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ልጁ እጹብ ለሐዲድ ተሰለፈች፤ ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ መጫወት ከጀመረ ቆይቷል። እንግዲህ ከሜዳው ቦታ ሁሉ መርጣ ምን ሆና ልትመጣ? ተከላካይ። የመጀመሪያውን ኳስ ስትነጥቅ ዘርጋው ወንበሩን በሁለት እጁ አንቆ ያዘ። ብድግ ማለት ፈልጎ ነበር። ግን አራት መቶ አሥራ አንድ ሰው አኩርፎ ሳለ አንድ አባት ለልጁ ሲል ኩርፊያ ቢያፈርስ ምን ይባላል? አልተነሳም።

ረቡዕ ዕለት ከስታዲየሙ ተደወለለት። ከግንብ ተራ ሥር ያለው ክፍል ማቀዝቀዣው ቆሟል። መሣሪያውን ይዞ ወረደ። ክፍሉ ውስጥ ዙፋን የምትባል ባለሙያ አንድ የብረት ሳጥን በካርቶን እያራገበች አገኛት። የአሻሻይ የድሬዳዋ ሳጥን ይህ ነበር። ዘርጋው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእግሩ ሥር እንደነበረ አያውቅም።

ማቀዝቀዣውን ፈትቶ አቧራውን እያራገፈ ሳለ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ። «ግንብ ተራ» የሚል ጽሑፍ አየ።

«ስለ እኛ ምን ይላል?» አላት።

ዙፋን አየችው፣ ከዚያ ስክሪኑን አየች። «ጋሽ ዘርጋው፣ እርስዎ ግንብ ተራ ነው እንዴ የሚቀመጡት? እኔ እኮ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ተከላካይን ይህን ያህል የሚጠላ ሰው ለምን ከጎሉ ጀርባ ይቀመጣል እላለሁ።»

«ማ? ማ ነው የሚጠላው?»

«እናንተ ናችኋ! ይኸው።» ጣቷን አሳረፈች። «አሥራ አንድ ዓመት፣ መከላከል ሲታይ የተነሳ ሰው ዜሮ። የጮኸ ሰው ዜሮ። በሌላ ከተማ እንኳ ሦስትም አራትም ሰው ይነሳል። ደግሞ አንድ እሁድ ቀርታችሁ አታውቁም። አሻሻይ እንደ እናንተ የሚያምነው ምስክር የለውም። የመከላከል ደንብ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው የእናንተን ነው።»

ዘርጋው መፍቻውን አስቀመጠ። «ያ ሦስቱ ቆጠራ...»

«እሱ ሲወጣ ገና አልተቀጠርኩም። የጎሉ መስፋት ግን በእናንተ ዜሮ ነው። የበረኛው እጅም። ‹ይቅርታ›ውም።» ትንሽ አመነታችና ጨመረች። «የሚቀጥለው ሰኞ ረቂቅም ወጥቷል። እሁድ በመከላከል ጊዜ ግንብ ተራ አሁንም ዜሮ ከሆነ፣ የተከላካይ ቦታ ከነጭራሹ ይሰረዛል።»

ማቀዝቀዣውን እንዴት ገጥሞ እንደወጣ አያውቅም። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲያኮርፍ የኖረው ለመከላከል ነበር፤ መከላከልን አንድ በአንድ ያስገደለው ያው ኩርፊያው ሆኖ ተገኘ። ያኔ ሽማግሌ ሊልክለት የሚችል አካል እንዳልነበረም ገባው። አሻሻይ ኩርፊያ የሚባል ነገር አያውቅም። አሻሻይን የሠሩት ሰዎች ያኮረፈ ዘመድ ኖሯቸው አያውቅ ይሆን ብሎ አሰበና በንዴቱ መሃል ሳቁ መጣ።

ቤቱ ሲደርስ እጹብ ምሳ አቅርባ ትጠብቀው ነበር። የረቂቁ ወሬ በክለቡ በኩል እሷም ጋ ደርሷል። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ቦታ ተጫውታ አታውቅም።

«ከተሰረዘ አጥቂ ሁኚ ይሉኛል» አለች። «አልሆንም። አልችልበትማ! እኔ ሰው ሲመጣብኝ ነው ደስ የሚለኝ።»

ዘርጋው ጎረሰ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። መከላከሌ ያሳፍርሃል እንዴ?»

«እንዴ! ምን ማለትሽ ነው? እኛ ያኮረፍነው ደንቡን ነው። አንቺን አይደለም። ታውቂ የለ!»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ጋ የሚደርሰው ግን ዝምታው ነው። ኳስ ነጥቄ ቀና ስል የማየው እጅህን አጣጥፈህ ነው። አምስት ዓመት።»

ዘርጋው ውኃ ቀዳላት። ጠጣችለት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጂብሪል ልብስ ስፌት ቤት ሄደ። የግንብ ተራ አንጋፋዎች እንደ ልማዳቸው እዚያው ተሰብስበው ነበር። ያየውን ሁሉ ነገራቸው። ጂብሪል የስፌት መኪናውን አቆመ።

«አቦ ተወኝ ዘርጋው! ዜሮአችንን እያዩ የሚሸማቀቁ መስሎኝ እኮ ነው!»

«ማንም አልተሸማቀቀም። የሚሸማቀቅ ሰው የለም እዚያ። ሳጥን ነው።»

«እና አሥራ አንድ ዓመት የወለወልኩት ወንበር?»

ጂብሪል መወልወያ ጨርቁን አየና ድንገት ሳቀ፤ ሳቁ ተጋባ፣ እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ ዘርጋው ሐሳቡን አቀረበ። እሁድ አንድ ተከላካይ ኳስ በነጠቀ ቁጥር ግንብ ተራ አንድ ላይ ብድግ ብሎ ይጮሃል። ጂብሪል መሐረብ ያነሳል፣ ሁሉም በመሐረቡ ይነሳል። ሐሙስና ዓርብ ከእድሩ ድንኳን ሥር ተለማመዱ። በደንብ ያማረ ነገር ነበር፤ አራት መቶ ሰው እንደ አንድ ሰው ይነሳል፣ እንደ አንድ ሰው ይቀመጣል።

እሁድ ሐዲድ የገጠመው የአዋሽ ፍላጻን ነው። የፍላጻው ሮቤራ በዚህ የውድድር ዘመን ብቻ ሦስት መቶ ሰባት ጎል ያገባ አጥቂ ነው። ስታዲየሙ ሞልቷል። በመጀመሪያው አጋማሽ ሐዲድ የሚከላከለው በሰሜኑ ጎል፣ ከግንብ ተራ ማዶ ነበር። በአራተኛው ደቂቃ አንዱ ተከላካይ ኳስ ነጠቀ፤ የጂብሪል መሐረብ ተነሳ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ብድግ አለና «ሆ!» አለ። ከዚያ ሁሉም ሰሌዳውን አየ።

ሰሌዳው ላይ፣ ከግንብ ተራ አንፃር፣ ሁለት ቃል ተጻፈ፦ «የታዘዘ ጭብጨባ»። ቁጥሩም ዜሮ።

ዙፋን ከመተላለፊያው ብቅ ብላ እጇን እያወዛወዘች ተጣራች። «ጋሽ ዘርጋው! አንድ ላይ የተነሳ አይቆጠርም! ሰው ሲደሰት እኮ እንዲህ ተሰልፎ አይነሳም!»

ጉድ ፈላ። ጂብሪል መሐረቡን ኪሱ ከተተ። «እሺ፣ እየተበታተንን እንነሳ» አለ አንዱ። ሞከሩ። ተራ በተራ እየተያዩ፣ «አንተ ቅደም»፣ «አይ አንተ ቅደም» እየተባባሉ ሲነሱ ይህም የታዘዘ ተባለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደስታውን አፍኖ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚነሳ ጠፍቶት ነበር። ዕረፍት ላይ ውጤቱ ሃያ አንድ ለሃያ ሆነ። ዘርጋው አንድ ነገር ብቻ ያስብ ነበር፤ ልጁ ቦታዋን ካጣች የነጠቃት ሮቤራ አይደለም፣ አባቷ ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እጹብ ወደ እነሱ መጣች። ጀርባዋን ለግንብ ተራ ሰጥታ ከጎሉ ፊት ቆመች። ጎሎች መጉረፋቸውን ቀጠሉ፤ ሠላሳ ለሠላሳ፣ ሠላሳ ሦስት ለሠላሳ ሦስት። ማዶ ያሉት ተራዎች ይዘላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይዘላሉ፤ ከመደጋገሙ ብዛት ጥቂቶቹ ሱፍ እየቆረጠሙ ነው የሚዘሉት። ሰባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሠላሳ ስድስት ለሠላሳ ስድስት ሆነ።

ያኔ ሮቤራ ኳሷን ይዞ ብቻውን መጣ። አንዱን ተከላካይ በአብዶ አለፈው። የቀረችው እጹብ ብቻ ናት።

እጹብ እጇን አነሳች። «ይቅርታ!» አለች፤ ድምፅዋ ግንብ ተራ ድረስ ተሰማ።

«አንድ» አለ ሜዳው፤ ቆጠራውን የሚቆጥረው ሰው ሳይሆን ከሜዳው የሚወጣ ድምፅ ነው።

መንካት አትችልም። ግን መቆም ትችላለች። በግራ ጎኑ ሆና ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ሮቤራ ወደ መሃል ሊገባ ሲል መንገዱ ላይ አገኛት፣ ወደ ቀኝ ሄደ።

«ሁለት።»

አሁንም አፈገፈገች፤ ሳትቸኩል፣ ዓይኗን ከኳሷ ሳትነቅል። እየገፋት መስሎት እሱ እየተከተላት ወደ መስመሩ ጠርዝ ወጣ። ጎሉ ከዚያ ሲታይ ጠባብ ነው። ዘርጋው ይህን እርምጃ ያውቀዋል። ስድስት ዓመቷ ሳለ በር ላይ በካልሲ ኳስ ያስተማራት እሱ ነው፤ አትቸኩዪ፣ ሰውየው ይቸኩል ብሏት ነበር። ሮቤራ ቸኮለ። እግሩን ለመምታት አነሳ።

«ሦስት።»

በሸርተቴ ገባች። ኳሷን ብቻ፣ እግሩን ሳትነካ፣ አቧራ አስነስታ ወሰደችው። ሮቤራ አየሩን መታና ቁጢጥ አለ።

«የኔ ልጅ! የኔ ልጅ ናት! አየሃት? አየሃት ወይ!»

ዘርጋው ማን እንደሚጮህ ለማየት ዞረ። እሱ ነበር። ቆሞ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ነበር እንዲያውም። የጂብሪልን ኮት አንገቱ ላይ ይዞ ይንጠዋል። አራት መቶ አሥራ አንድ ሰው አንገቱን አዙሮ ያየዋል። እጹብም ኳሷን አቀብላ ከመሬት ስትነሳ ዞር አለች፤ አፏ ተከፍቶ አየችው።

ሰሌዳው ላይ ከግንብ ተራ አንፃር አንድ ቁጥር ወጣ፦ አንድ።

ዘርጋው አላየውም። ኳሷ ገና ሜዳ ላይ ነበረች፣ ሮቤራም እንደገና መጣ፤ ንዴቱ ፊቱ ላይ ይታያል። «ይቅርታ!» አለች እጹብ። በሁለተኛው ቆጠራ ላይ ጂብሪል «እንዳትቸኩዪ፣ ኧረ እንዳትቸኩዪ!» እያለ ተነስቶ ነበር። ስትነጥቀው ጂብሪል ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረው፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ተነሱ። አንዱ ተነሳ፣ አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ለመነሳት ሲጣደፍ ለሽማግሌዎች በተተወው ወንበር ላይ ወደቀ። ሰባት። አርባ። መቶ ዘጠና።

ከዚያ የሆነው ነገር በማንም ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ከሰባ ሦስተኛው ደቂቃ ወዲህ አንድም ጎል አልገባም። ይህን ያህል ጊዜ ያለ ጎል ሲያልፍ አይተው የማያውቁት ወጣቶች ማዶ ዝም አሉ። ሱፍ መቆርጠም ቆመ። አንዲት ወጣት የጎረቤቷን ክንድ ጨምድዳ «አሁንስ ቢገባ?» ትላለች፤ ደግሞ «አልገባም!» ትላለች፤ ደግሞ እንደገና ትጨመድዳለች። የፍላጻው ተከላካይም በሌላኛው ጎል በተራው አንድ ኳስ ነጠቀ፣ ግንብ ተራም ለባላጋራው ጮኸለት፤ እሱም ግራ ተጋብቶ እጅ ነሳ። በአንድ እጁ ብቻ የሚጫወተው የሐዲድ በረኛ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ ወደ ላይ ሲገፋት ስታዲየሙ በሙሉ፣ አራቱም ማዕዘን፣ ተንጫጫ። ፊሽካው ተነፋ። ሠላሳ ስድስት ለሠላሳ ስድስት።

ሰዉ አልወጣም። ቆሞ ያወራል፤ የማይተዋወቀው እየተያያዘ «እንዴት እንዳስቀረችው አየህ?» ይባባላል።

እጹብ ወደ ግንብ ተራ አጥር መጣች። ጉልበቷ ተልጧል፣ አቧራ ለብሳለች። ዘርጋው ወረደላት። ብዙ ሊላት ነበር፤ ይቅርታ ሊላት ነበር። አፉን ቢከፍት ድምፁ የለም፤ ጮኾ ጨርሶታል።

«ሰማሁህ» አለችው። «አባዬ፣ ከሰው ሁሉ መሃል ለይቼ ሰማሁህ።»

በአጥሩ ላይ አንገቷን አቅፎ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አባትና ልጅ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። እጹብ የልምምድ ቱታዋን ለብሳለች፤ ዘርጋው ድምፁ አልተመለሰም። ስልኩ ጮኸ። እጹብ አነበበች።

«የተከላካይ ቦታ ይቀጥላል።» ከዚያ ቀጠለች። «ቆጠራው ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ ብሏል።»

እጹብ ጣቶቿን እያጠፈች አንድ፣ ሁለት ብላ ቆጠረች።

«ሁለት! በሁለትማ ሮቤራን ከመሃል ሜዳ ሳያልፍ ነው የማገኘው። አረማመዴን በሙሉ መቀየር አለብኝ። ልሂድ፣ አርፍጃለሁ!»

ጉንጩን ስማው በሩጫ ወጣች። ዘርጋው ሊጣራት ፈለገ፤ ድምፅ አልወጣ ሲለው ማጨብጨብ ጀመረ። እሷ በመንገዱ ስትርቅ እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። የፊት ለፊቱ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሎ ምን ሆነሃል ሲለው መናገር ስላልቻለ በአገጩ ወደ ልጁ አመለከተው። ጎረቤቱ አየ፤ አንዲት ልጅ እየሮጠች ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ምን እንደሆነ ባያውቅም እሱም ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ከላይ ያለው ቤት፣ ቀጥሎ ዳቦ ልትገዛ የወጣች ሴት፤ እጹብም ጥጉን ከመታጠፏ በፊት ዞር ብላ፣ ወደ ኋላዋ እየሮጠች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳችላቸው።